የእማማ ዘነበች አፍንጫ

ባለፈው የበዓል ዋዜማ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የቅቤ ዕቃ ክዳን ከፍቼ ሳሸት ተያዝኩ። በየመደርደሪያው «የበዓል ቅናሽ» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል። ዶሮው ተገነጣጥሎና ታጥቦ በላስቲክ ታሽጓል፤ ሽንኩርቱ ሳይቀር ተከትፎ ቀርቧል። ሰዉ ጋሪውን እየገፋ ያየውን ሁሉ ይጭናል፤ የሚያሸት ግን የለም።

«እህት፣ እሱ አይከፈትም» አለችኝ ሠራተኛዋ በትሕትና። «ጊዜው የሚያልፍበት ቀን እኮ ከታች ተጽፎበታል።»

«ቀኑን አይደለም የፈለግኩት» አልኳት። ምን እንደፈለግኩ ግን እዚያ ቆሜ ላስረዳት አልቻልኩም። ሽታው ስስ ነበር፤ ቢሆንም ክዳኑን ቶሎ መልሼ ገጠምኩት። ይህን ያህል ዕድሜ ኖሬ በአንድ ዕቃ ቅቤ መደንገጥ ያሳፍራል። ምን ላድርግ፣ ፈሪ ነኝ። የፍርሃቴ ሁሉ አባት ደግሞ ቀበና ያሳለፍነው የመጀመሪያው ፋሲካ ነው።

ቀበና የገባነው በዚያ ዓመት ከመስቀል በኋላ ነበር። አባቴ የቤተክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለነበር ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩት ወንዙ አጠገብ ካለች ቀጭን መንደር ውስጥ ቤት ተከራየን። ወደ ላይ ቀና ሲሉ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ወደ ታች ደግሞ የወንዙ ድምፅ ይሰማል። ሐዋሳ የኖርነው እንደኛው ጴንጤ በሆኑ ሰዎች መሀል ስለነበር ሁዳዴ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር። በዚህች መንደር ግን ከኛ በቀር ሁሉም ይጾማል። እናቴ እንቁላል ስትጠብስ በይሉኝታ መስኮቱን ትዘጋለች፤ እኛም ሌባ የገባ ይመስል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንበላለን።

ከጎረቤት መጀመሪያ የቀረቡን እማማ ዘነበች ናቸው። ባላቸው ሞተው በአንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ሲቆጡም ሲስቁም ድምፃቸው የማይለወጥ ሴት ነበሩ። እኔን «ሚጡ» ይሉኛል፤ ባገኙኝ ቁጥር ሁለቱንም ጉንጬን አገላብጠው ይስሙኛል። በሰፈሩ ዘንድ የሚታወቁት በአፍንጫቸው ነው። የበዓል ቅቤ እሳቸው ሳያሸቱት አይገዛም። ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ከተቀላቀለው፣ የሱሉልታውን ከሌላው አገር ይለያሉ ይባላል። ሴቶቹም በአጸፋው በዓል በመጣ ቁጥር ከየቤታቸው ያካፍሏቸዋል። እማማ ዘነበች በዓልን በሰው ቤት አሳልፈው አያውቁም፤ በዓሉ ነበር ወደሳቸው የሚመጣው።

አንድ ቀን ከጥምቀት በኋላ ይመስለኛል፣ እናቴ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የጋገረችውን ዳቦ አስይዛ ላከችኝ። ደጃፋቸው ስደርስ የላምባ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ገባሁ። ቡታጋዙ ላምባውን መሬት ላይ ተፍቶታል፤ እማማ ዘነበች ደግሞ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ክብሪት ከቀፎው እያወጡ ነው።

«እማማ፣ ላምባ ላምባ ይሸታል» አልኩ።

እጃቸው ባለበት ቀረ። መሬቱን አዩ፤ ቀሚሳቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ክብሪቱን ቀስ ብለው መልሰው ጉያቸው ከከተቱት በኋላ በሩን ዝጊው አሉኝ። የዚያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ከላምባው ይልቅ ፊታቸው አስፈራኝ።

ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። የጥምቀት ሰሞን ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏቸው ነበር፤ ሲነሱ ሽታ የሚባል ነገር የለም። ሽሮው ቢያር፣ አበባ ቢሆን፣ ላምባ ቢሆን አንድ ነው። «ቀን ሲሰጠው ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ» አሉ። «አልተመለሰም። ሚጡ፣ ይህን ለሰው እንዳትናገሪ። አፍንጫዬ እንደሄደ ካወቁ ያዝኑልኛል እንጂ አይፈልጉኝም።»

ማዘንና መፈለግ ምን እንደሚለያያቸው ያን ጊዜ አልገባኝም። ብቻ «እሺ» አልኩ።

ያ ዓመት ደግሞ የቅቤ ወሬ የናፈሰበት ነበር። ሚኒባስ ውስጥ፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ፣ ልቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያው ነው። ቅቤው ውስጥ ሙዝ ይቀላቅላሉ፤ ሞራ ይቀላቅላሉ፤ የለም፣ ሻማ ነው አቅልጠው የሚጨምሩበት። አጥር ለአጥር የምንዋሰናት እትዬ አልማዝ ልብስ ስትሰፋ እንኳ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ድልድዩ አጠገብ በዚያው ሰሞን አንድ ሚኒ ማርኬት ተከፍቶ ነበር። ዋጋው ተለጥፎበታል፤ ክርክር የለም፤ የመስታወት በር ያለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቅቤ በነጭ ዕቃ ታሽጎ ይታያል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ለማየት፣ ቀጥሎ ሳሙና ለመግዛት፣ ቀስ በቀስም ለሌላው ነገር መሄድ ጀመረ።

«ታሽጎ የሚሸጥ እያለ ሾላ ገበያ ድረስ ሄዶ መርዝ መግዛት ምን የሚሉት ነው?» ትላለች እትዬ አልማዝ።

«በላስቲክ የመጣ ቅቤ የማን ላም እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» ይሏታል ሌሎቹ።

በመጨረሻ ሴቶቹ ተሰብስበው ተስማሙ። ዘንድሮ ማንም በየፊናው እንዳይገዛ፤ እማማ ዘነበች ሾላ ወርደው ለሁሉም የሚሆነውን መርጠው ያምጡ። እሳቸው ያሸተቱት ካልታመነ ማን ይታመናል? እትዬ አልማዝም ተሸነፈች። «ለዘንድሮ ብቻ» አለች። «አንድ ሰው ሆዱን ከቆረጠው ግን ከርሞ ሁላችንም ወደ ድልድዩ ነን።»

እማማ ዘነበች በነገታው ቤታችን መጥተው እናቴን «ቅርጫት የምትይዝልኝ ልጅሽን አውሺኝ» አሏት። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ለመጤ ጴንጤ እንዲህ ያለ ነገር ትልቅ ነበር። «እርስዎን ታግዝልኝ እንጂ!» አለች።

ቅርጫቱ ሰበብ ነው። እኔ አፍንጫ ልሆን ነበር፤ ከአፍንጫም በላይ ምላስ። የሚጾም ሰው በሁዳዴ ቅቤ አይቀምስም፤ ያሸታል፣ በእጁ ጀርባ ያሻል፣ በዓይኑ ይመዝናል፤ አፉ ጋ ግን አያደርስም። እኔ አልጾምም። ለሻጮቹም «ይህቺ ልጅ የጴንጤ ናት፤ ትቅመስልኝ» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይጠረጥርም።

ለብዙ ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ አስተማሩኝ። በጥፍርሽ ጫፍ ንኪ። ከላንቃሽ ጋር አጣብቂው። ንጹሕ ከሆነ ወዲያው ቀልጦ ይሄዳል፤ ሙዝ ካለው ይሙለጨለጫል፤ ሞራ ካለው ላንቃሽ ላይ ይጋገራል። ቀምሼ ስጨርስ መሀረባቸውን አፌ ሥር ይዘረጋሉ። «ትፊው፤ አንዲት ጠብታ እንዳትውጪ» ይሉኛል። ምልክታችንም ቀላል ነበር። ጥሩ ከሆነ የነጠላቸውን ጫፍ እጎትታለሁ፤ መጥፎ ከሆነ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ። እሳቸው ደግሞ ቅቤውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያሸቱ ይመስላሉ።

ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ይዤው ነበር፤ ወንድሜ ናሆም እስኪያበላሸው ድረስ። ናሆም በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ እኔን ከማስፈራራት የበለጠ ሥራ የለውም። ሚስጥሩን ባላወጣም እየቀመስኩ መሆኔን ሰምቷል።

«ድሮ ነገሥታቱ ቀማሽ ነበራቸው» አለኝ አንድ ቀን። «ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ እሱ ይበላል። ካልሞተ ንጉሡ ይቀጥላሉ። ቀማሽ የሚያደርጉት ደግሞ ቢሞትም የማይጎዳቸውን ሰው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«የሰፈሩ ሰዎች ለምን የራሳቸውን ልጆች አያቀምሱም? ትንንሾቹ እንደሆነ አይጾሙም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሀረቡ ውስጥ የምተፋው ነገር ሞቴ መስሎ ይታየኝ ጀመር። ማታ ማታ ምላሴን በመስታወት አያለሁ። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ፤ ሚስጥር መያዝ እንዲህ የሚከብድ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

የሕማማት ሳምንት ሲገባ ነገሩ ባሰ። እማማ ዘነበች መሳማቸውን ተዉ። ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ጉንጬን ስሰጣቸው ወደ ኋላ ሸሸት አሉና «ደኅና ነሽ?» ብቻ ብለውኝ አለፉ። እትዬ አልማዝም እንዲሁ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። በሕማማት መሳሳም እንደሌለ ማን አስረድቶኝ! የሚሞት ሰው አይሳምም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ እኔን ተሰናብቷል።

ሐሙስ ሾላ ወረድን። ገበያው ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ዶሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይጮኻል፤ በግ ይጎተታል፤ የሽንኩርቱ ክምር ላይ ሰው ይሻማል። የቅቤ ተራው አፍ ላይ ስንደርስ ጩኸት ተነሣ። «ሙዝ ነው! ሙዝ ነው!» ሰው ተከማቸ። አንዲት ሴት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ቅቤዋ ከነኮባው መሬት ላይ ተገልብጦ ይረገጣል። አንድ ሰውዬ ነጠላዋን ጨምድዶ ይዞ ይጎትታታል። ሴትየዋ «የልጆቼን ነፍስ!» እያለች ትምላለች። እውነቷን ይሁን ውሸቷን የሚጠይቅ አልነበረም። እማማ ዘነበች እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው በሌላ በኩል አዞሩኝ።

የሳቸው ደንበኛ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ የምትመጣ ዲንቂቱ የምትባል ሴት ነበረች። በቦታዋ አጣናት። ልባችን ሲዝል አጥሩ ሥር ተሸሽጋ አገኘናት፤ ጩኸቱን ሰምታ ፈርታ ነው። እማማ ዘነበች በኦሮምኛ ሰላም አሏትና ኮባውን ገለጥ አደረገችው። ቅቤው ቢጫ ነው፤ ላብ የመሰለ ውሃ አውጥቷል። እማማ ዘነበች ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀመስኩ። አፌ በፍርሃት ደርቆ ስለነበር ምራቅ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ቀለጠ። አልተሙለጨለጨም፤ አልተጋገረም። ከቀለጠ በኋላ ግን ከምላሴ ሥር አንድ የማላውቀው ጣዕም ቀረ፤ ደረቅ፣ ጆንያ ጆንያ የሚል። ነጠላቸውን ልጎትት ብዬ ተውኩት። እጄንም ለማጣጠፍ አልደፈርኩም። ጎንበስ አሉልኝ።

«የሆነ ነገር አለው» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ምን?»

«አላውቅም።»

ቀና ብለው ዲንቂቱን አዩአት። ከዚያ በኦሮምኛ ማውራት ጀመሩ፤ ረጅም ወሬ፣ እኔ አንዲት ቃል የማልሰማው። ዲንቂቱ ወደ ተራራው እያመለከተች ትናገራለች፤ አንዴ እኔን አየት አደረገችኝ። እማማ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ «ስፈሪልኝ» አሏት። ሁሉንም ገዙት።

ሁለቱ በኔ ላይ የተማከሩ መሰለኝ። በሚኒባስ ስንመለስ ቅርጫቱ ጭኔ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። መጠየቅ ፈራሁ፤ እሳቸውም እንደ ወትሯቸው አልተጫወቱም። መሀረቡን በእጃቸው ጨምድደው መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር።

እኔ ሐሙስ ማታ አልሞትኩም። ዓርብም አልሞትኩም። ይህ ማጽናናት ሲገባው ሌላ ፍርሃት ወለደ። ተፍቼዋለሁ እኮ! እነሱ ግን ሊውጡት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እማማ ዘነበች ደጃፍ ላይ ቅቤው ሲከፋፈል፣ ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ሲሰለፉ ቆሜ አየሁ። ራሳቸው ላይ የቅዳሜውን ቄጤማ አስረዋል፤ ይስቃሉ። «እንዴት ያለ ቅቤ ነው!» ይላሉ። ወዲያው ከየቤቱ የሚነጠር ቅቤ ሽታ ተነሣ፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ተቀላቅሎ መንደሩን ሞላው። ከዚያ ሽታ ሥር ያ የጆንያ ጣዕም አሁንም የሚሸተኝ መሰለኝ። ምንነቱን ባላውቅም መኖሩን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ቁርጤን አድርጌ እንዳይበሉ ልነግራቸው ወደ እማማ ዘነበች ሄድኩ። በራቸው ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቀን ተቀርቅሮ አይቼው አላውቅም። አንኳኳሁ። ቆይተው ከፈቱ፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። አመማቸው መሰለኝ።

«እማማ፣ ቅቤው...»

«ሂጂ ቤትሽ» አሉኝ ሳያዩኝ። «ነገ ስትነሺ መጀመሪያ እኔ ጋ ነይ። በሩን አልቀረቅረውም።»

ሲመሽ መንደሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተክርስቲያን ወጣ። እኔ መስኮቱ ሥር ሆኜ ሳያቸው ወደ ቀብር የሚሄዱ መሰሉኝ። እናቴ መጋረጃውን ዘጋችው።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። ፀሐይዋ ወጥታለች። የእኛም የትንሣኤ ፕሮግራም ረፋዱ ላይ ስለነበር ቤተሰቡ ተኝቷል። አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። አውራ ዶሮ አይጮኽም። ሳምንቱን ሙሉ በየደጁ ታስረው ጎሕ ሲቀድ የሚያደነቁሩን አውራ ዶሮዎች አንዳቸውም የሉም። ወጣሁ። ቦዩ ውስጥ ላባ ተከምሯል። በር የተከፈተ የለም። ጭስ የለም፤ ሬዲዮ የለም፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ልጁን የሚጣራ ሰው የለም። እትዬ አልማዝ ደጅ ጫማዎች ተዘበራርቀው ተጥለዋል። አንድ ውሻ ብቻ አጥንት ይዞ በመሀል መንገድ ይሄዳል።

ሞተዋል። ሁሉም ሞተዋል። ሌሊቱን ቆመው አድረው፣ ሲነጋጋ ገድፈው፣ አሁን ገና የሰላም እንቅልፍ እንደያዛቸው በየት በኩል ልወቅ? እየተደነቃቀፍኩ ወደ እማማ ዘነበች ሮጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበዋል። እግራቸው ብቻ ወጥቷል። ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

«እማማ» አልኩ። ዝም። «እማማ!» ሁለት እጄን እግራቸው ላይ አድርጌ ነቀነቅኳቸው።

እግሩ ተሰበሰበ። ጋቢው ተገለጠ። «ሚጡ?» አሉ። «ምን ሆነሽ ነው?»

አለቀስኩ፤ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። ስለ ነገሥታቱ ቀማሽ፣ ስለ መሳሙ፣ ስለ ጆንያው ጣዕም፣ ስለ ዝምታው እየተንሰቀሰቅኩ ተናገርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ጎትተው ጋቢው ውስጥ አስገቡኝና ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ።

«ፉርሽካ ነው» አሉ። «ዘንድሮ ሣር ስለጠፋ ላሞቹን ፉርሽካ አበላናቸው አለችኝ። እውነቷን መሰለኝ። ግን ባትሆንስ? እኔ አላሸትም። አንቺ ልጅ ነሽ፤ አንድ ሰው ቢጎዳ ባንቺ ምላስ ሊሆን ነው። ይህን ይዘሽ ልታድጊ ነው?» ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ሳብ አደረጉልኝ። «ትናንት ቀን በሬን ዘጋሁና በማንኪያ በላሁት። ምንም ካልሆንኩ ይበሉ፤ ከሆንኩ በሬን ሲሰብሩ ያውቁታል ብዬ። እስኪመሽ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ጾም አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው። ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ በአፋቸው እንደማይዞር፣ ይህንንም ከልጅነታቸው ጀምሮ አጉድለው እንደማያውቁ መንደሩ ሁሉ ይናገር ነበር።

«ነበር» አሉኝ።

ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ከድስቱ ዶሮ ወጥ አወጡ። መጀመሪያ እያየሁ እሳቸው ጎረሱ፤ አላምጠው ዋጡ። ከዚያ ለኔ ጠቀለሉልኝ። አፌ የማይችለው ጉርሻ ነበር።

ይህን ጊዜ እትዬ አልማዝ ዓይኗን እያሸች በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «እንኳን አደረሰዎት!» አለች። «እማማ፣ አፍንጫዎ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ቅቤ በልቼ አላውቅም። የድልድዩን ሚኒ ማርኬት ትቻለሁ።» ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «እኛማ ቅዳሜ ውሃ ጥሙ አሸነፈን፤ ጎንጨት አደረግን። እርስዎ ግን በዚህ ዕድሜዎ ይኸው እስከ ዶሮ ጩኸት! ጾምስ እንደ እርስዎ ነው።»

እማማ ዘነበች አንገታቸውን ደፉ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ያፍተለትሉ ጀመር። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

እኔም አፌ ሙሉ ስለነበር ዝም አልኩ።